የፈርን ሁለት ሕይወት

በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ወይም በምንጭ ዳር ከበቀለ የፈርን ተክል አንድ የደረሰ ቅጠል ገልብጠን ብንመለከት በጀርባው ላይ ቡናማ ነጠብጣቦች ተደርድረው እናገኛለን። ብዙዎች የቅጠል በሽታ ይመስሏቸዋል፤ ነገር ግን የስፖር ከረጢቶች ክምችቶች ናቸው። ፈርን አበባም ሆነ ዘር ስለሌለው የሚራባው በስፖር ነው። ስፖር ደግሞ በነፋስ ተወስዶ እጅግ ሩቅ ሊጓዝ ይችላል። ታዲያ አብዛኞቹ የፈርን ዝርያዎች እርጥበት ካለው ስፍራ የማይርቁት ለምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ከስፖሩ ተነሥተን አዲሱ ተክል እስኪወለድ ያለውን ሂደት እንከተል።

በአብዛኞቹ ፈርኖች በአንድ ከረጢት ውስጥ 16 እናት ሕዋሳት በሚዮሲስ ተከፍለው 64 ስፖሮችን ይሰጣሉ። በዚህ ክፍፍል የክሮሞዞሞች ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል። ለምሳሌ ፕቴሪዲየም አኩዊሊነም የተባለው ፈርን በቅጠሉ ሕዋስ ውስጥ 104 ክሮሞዞሞች ሲኖሩት በስፖሩ ውስጥ 52 ብቻ ይገኛሉ። ከረጢቱ ሲደርቅ በዙሪያው ያለው የሕዋሳት ቀለበት ወደ ኋላ እየተለመጠ ይከፍተዋል፤ ከዚያም በቅጽበት ሲመለስ ስፖሮቹን እንደ ወንጭፍ ይወረውራቸዋል።

ስፖሩ እርጥበትና ብርሃን ካገኘ በመጀመሪያ ሥር መሰል ክርና አጭር የሕዋሳት ሰንሰለት ያወጣል። ቀጥሎም ሕዋሳቱ ወደ ጎን ጭምር ስለሚከፈሉ ብዙውን ጊዜ የልብ ቅርጽ ያለው አረንጓዴ ዝርግ አካል ይሆናል። ይህ አካል ጋሜቶፋይት ይባላል። ስፋቱ በአብዛኛው ከ1 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ከመካከሉ በስተቀርም ውፍረቱ የአንድ ሕዋስ ያህል ብቻ ነው። ሆኖም ምግቡን ራሱ ያዘጋጃል እንጂ ከትልቁ ተክል የሚጠብቀው ነገር የለም።

ከጋሜቶፋይቱ ግርጌ የወንዴና የሴቴ አካላት ይበቅላሉ። የወንዴው ሕዋሳት በጅራፍ መሰል ጸጉሮቻቸው እየዋኙ ወደ እንቁላሉ ይጓዛሉ። ለዚህም ስስ የውሃ ሽፋን የግድ ያስፈልጋል፤ ውሃ ከሌለ ጽንሰት የለም። ጽንሰት ሲፈጸም የክሮሞዞሞቹ ቁጥር ወደ 104 ይመለስና ሥር፣ ግንድና ቅጠል ያለው አዲስ ፈርን ይበቅላል።

አንድ ጋሜቶፋይት የገዛ እንቁላሉን ሊያጸንስ ይችላል። ነገር ግን በበርካታ ዝርያዎች ቀድሞ የጎለመሰው ጋሜቶፋይት አንቴሪዲዮጅን የተባለ ኬሚካል ያመነጫል። ይህም በአቅራቢያው ያሉትን ታናናሾች ወንዴ እንዲሆኑ ስለሚገፋፋ ድቀላውን ያበረታታል። ይህን ክስተት እ.ኤ.አ. በ1950 የገለጸው ጀርመናዊው ተመራማሪ ቫልተር ዶፕ ነው።

እንግዲህ ጥያቄያችን መልስ አገኘ። የፈርንን መኖሪያ የሚወስነው ትልቁ ቅጠል ሳይሆን ከእግራችን ሥር ሳናየው የምናልፈው ትንሹ ጋሜቶፋይት ነው። እርግጥ ፕቴሪዲየም አንድ ጊዜ ከተተከለ በኋላ ከመሬት በታች በሚሄደው ግንዱ ወደ ገላጣ ስፍራ ይስፋፋል። ሌሎች ብዙ ዝርያዎች ግን ደን ተመንጥሮ አፈሩ ሲደርቅ፣ ነባሮቹ ለጥቂት ጊዜ ቢቆዩም እንኳ ተተኪ ያጣሉ። በካፋና በሸካ ያሉት እርጥበታማ ደኖቻችን ሲጠበቁ ይህ የማይታይ ትውልድም አብሮ ይጠበቃል።

ሂደቱን በዓይናችን ለማየት የሚያስፈልገን ጥቂት ነው። አንድ የደረሰ ቅጠል፣ ጀርባውን ወደ ታች አድርገን በነጭ ወረቀት ላይ እናሳድር። የረገፈውን ዱቄት በተቀቀለና በቀዘቀዘ እርጥብ አፈር ላይ በትነን በመስታወት እንክደነው፤ ብርሃን ባለበት፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታም እናስቀምጠው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትናንሾቹን አረንጓዴ ልቦች በአጉሊ መነጽር ልንመለከት እንችላለን።