የቡና ማኅበራችን ተበተነ፤ መድኃኒቱስ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 64 ነው፤ የምኖረው ሰሜን ወሎ ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ስኳርም አለብኝ። ከጦርነቱ በፊት ቫይረሱ በደማቸው ካለ አሥራ አምስት ያህል እናቶችና አባቶች ጋር በየወሩ ቡና እንጠጣ ነበር። አሁን ከፊሉ ተሰደደ፤ መሰባሰቡም ያስፈራል። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒቴን ለማብቃቃት አንድ ቀን እየዘለልኩ እውጣለሁ። ልጆቼ አያውቁም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እናቴ፣ መዝለሉን ዛሬውኑ ይተዉት። ሲዘሉ በደምዎ ያለው መድኃኒት ይቀንሳል፤ ቫይረሱም መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። ያለዎትን በየቀኑ ይዋጡ፤ ቢያልቅብዎት በተገኘበት ቀን ይቀጥሉ። ሳይወስዱ የቆዩበትን ቀን ለነርሷ ሳያፍሩ ይንገሯት። ቀጠሮዎ ሳይደርስ መንገድ ከተከፈተ ቀኑን አይጠብቁ፤ የ6 ወር መድኃኒት በአንዴ ይሰጠኝ ብለው ይጠይቁ።

ማኅበራችሁን አሳንሱት እንጂ አትተዉት። በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ስድስት የሚደርሱ ታካሚዎች ቡድን እየሠሩ፣ በየተራ አንዱ ጤና ጣቢያ ሄዶ ለሁሉም መድኃኒት ያመጣ ነበር። በአገራችንም በታካሚዎች የሚመራ ተመሳሳይ አሠራር ስላለ ጤና ጣቢያዎን ይጠይቁ። ለእናንተ አራት ጎረቤታሞች ይበቃሉ። ተረኛው ኬላ ላይ ሲፈተሽ የሰው ምስጢር እንዳይወጣ የስም ዝርዝር አይያዝ። ብልቃጡ ሲንቀጫቀጭ እንዳይሰማ አፉ ላይ ንጹሕ ጥጥ ጣል ይደረግበት፤ እርጥበት የምትመጠው ትንሿ ከረጢት ግን ከውስጥ አትውጣ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ብቸኝነትዎ ነው። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት ወዳጆቹን የቀበረ ሰው፣ መድኃኒት ሲጠፋ የሚሰማውን ፍርሃት እኛ ሐኪሞች በምክር ብቻ አናበርደውም። ያንን ዘመን አብሮዎት ያለፈ ሰው ማታ ብቅ ብሎ «ዛሬ ዋጥሽ?» ሲልዎት ግን ሌላ ነው። እርስዎም ይጠይቁት። ሁለት ቀን ድምፁ ከጠፋ ቤቱ ድረስ ሰው ይላኩ፤ በኛ ዕድሜ መውደቅም መታመምም አለ።

ስኳርዎን በተመለከተ፣ የኤችአይቪ ክኒንዎ ዶሉቴግራቪር ካለበትና ሜትፎርሚንም የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ዶሉቴግራቪር ሜትፎርሚንን በደም ውስጥ ስለሚያበዛው፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ1000 ሚሊግራም እንዲያልፍ አይፈቀድም። የጨጓራ ማስታገሻ የሚወስዱም ከሆነ የኤችአይቪ ክኒኑን 2 ሰዓት አስቀድመው ወይም 6 ሰዓት ቆይተው ይዋጡ።

ለልጆችዎ መንገር አለመንገር የእርስዎ ውሳኔ ነው፤ ማንም ሊያስገድድዎ አይገባም። ቢሆንም ድንገት መሸሽ ቢመጣ መድኃኒትዎን አንሥቶ የሚከተልዎ አንድ የሚያምኑት ሰው ይኑር፤ ልጅ ባይሆን የቡና ጓደኛዎ ይሁን። የመድኃኒቱን ስም በቃልዎ ይያዙ። የዝውውር ወረቀት ባይኖርዎትም በደረሱበት ከተማ የኤችአይቪ ሕክምና (ኤአርቲ) ክፍል ገብተው ስሙን ይንገሯቸው።