የውጭ ቋንቋን በደስታ ስለ መማር

በክፍል ውስጥ እጁን አንሥቶ በእንግሊዝኛ ለመጠየቅ ፈልጎ፥ ዐረፍተ ነገሩን በልቡ ሦስት ጊዜ ሲያስተካክል ሰዓቱ ያለቀበት ተማሪ በመካከላችን ብዙ ነው። እኔም አንዱ ነኝ።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ሴሚስተር ያስተዋልሁት ነገር ነው። ጧት በእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍላችን ጸጥ ረጭ ይላል፤ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ማስታወሻ እንጽፋለን። ከሰዓት በኋላ ፈረንሳይኛ ለመጀመር የተመዘገብነው ጥቂቶች ስንገናኝ ግን እነዚያው ዝምተኞች ክፍሉን ገበያ እናስመስለዋለን። አንዱ ባለሱቅ ሌላው ገዢ ሆኖ፥ በቅጡ በማናውቀው ቋንቋ ስለ ቲማቲም ዋጋ እንከራከራለን። እንግሊዝኛውን የተማርነው ከዐሥር ዓመት በላይ ነው፤ ፈረንሳይኛውን የጀመርነው ገና በመስከረም ነበር። ታዲያ በምናውቀው ቋንቋ ዲዳ፥ በማናውቀው ተናጋሪ የሆንነው ስለ ምን ነው?

የቋንቋ ትምህርት መርማሪዎች ለረጅም ጊዜ ያተኮሩት በፍርሃት ላይ ነበር። ደስታን ከፍርሃት ጎን አድርገው ከመረመሩት መካከል ስማቸው በይበልጥ የሚጠራው ዣን ማርክ ደዋልና ፒተር ማክንታየር ናቸው። እነዚህ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት 1,746 የውጭ ቋንቋ ተማሪዎችን ጠይቀዋል። ያገኙትም፥ ደስታ ሲበዛ ፍርሃት በመጠኑ ይቀንሳል እንጂ ሁለቱ እንደ ብርሃንና ጨለማ አንዱ ሲመጣ ሌላው ፈጽሞ የሚጠፋ አለመሆናቸውን ነው። አንድ ተማሪ እየፈራም ሊደሰት ይችላል፤ ፍርሃት የሌለበትም ሰው እያዛጋ ሊውል ይችላል። ተማሪዎቹ ደስ ያላቸውን ጊዜ እንዲተርኩ ሲጠየቁም፥ ብዙዎቹ ያነሡት ክርክርን፥ በኅብረት የተዘጋጀ ንግግርን፥ ይህንም የመሰለ ራሳቸው የመረጡትንና የደከሙበትን ሥራ ነው። እንግዲህ ደስታ ስንል መምህሩ ቀልድ ይንገረን ማለታችን አይደለም። የቀልዱ ሳቅ ከበሩ ሳንወጣ ይረሳል።

ስለ ተሳትፎም ቢሆን አስተሳሰባችን ጠባብ ነው። ፍሬድሪክስ፥ ብሉመንፌልድና ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ2004 የተማሪን ተሳትፎ በሦስት ከፍለውታል፤ የሥራ፥ የስሜትና የአእምሮ ብለው። በዚህ ሚዛን የጧቱን ክፍላችንን ብንመዝነው እጃችን ይሠራል፥ ልባችን የለም፥ አእምሯችንም ቢሆን ከጥቁር ሰሌዳው ወደ ደብተር ከመገልበጥ አያልፍም። መምህሩ ግን ጸጥታችንን አይቶ ‹እንዴት ያሉ ትጉሃን ናቸው!› ሳይል አይቀርም።

ደስታ ተሳትፎን ያመጣል የሚሉ አሉ። በበኩሌ መንገዱ ወዲያና ወዲህ ነው እላለሁ። በፈረንሳይኛው ክፍል መጀመሪያ የተናገርነው ደስ ስላለን ሳይሆን መምህሯ ጥንድ ጥንድ አድርጋ ስላስቀመጠችንና ዝም ማለት ስላልቻልን ነው። ደስታው የመጣው በኋላ፥ የተናገርነው ነገር ለባልንጀራችን መግባቱን ስናይ ነው።

በእንግሊዝኛው በኩል ያለው ሸክም ሌላ ነው። ቢዘገይ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም፥ ፊዚክሱም፥ ታሪኩም የሚሰጠን በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ ያስገባንም ፈተና እንዲሁ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የተሳሳተ ሰው ቋንቋ የተሳሳተ አይመስለውም፤ ያልተማረ መሆኑ የታወቀበት ይመስለዋል። በፈረንሳይኛ ብንሳሳት ማን ምን ይለናል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። በአንደኛው ዓመት አንድ ጓደኛችን ቆሞ ሲመልስ ‹ቬሪ› ማለት ሲገባው ‹ቤሪ› አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ። ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ድረስ በእንግሊዝኛም ሆነ በሌላው ትምህርት ድምፁን አልሰማንም። ማታ በመኝታ ክፍላችን ግን ስለ ዐድዋ ዘመቻ በአማርኛ ሲያስረዳን አፋችንን ከፍተን እንሰማው ነበር። ስለ መምህራን አነጋገርና ስለ መጻሕፍት እጥረት ብዙ እናማርራለን፤ ቅሬታውም እውነት አለው። ያን ልጅ ዝም ያሰኘው ግን መምህር አልነበረም።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ግዕዝ ዛሬ የማንም አፍ መፍቻ ቋንቋ አይደለም። ሆኖም የቅኔ ተማሪ ቋንቋውን እስኪጨርስ ድረስ አድማጭ ብቻ ሆኖ አይቀመጥም፤ ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ብቻውን ዘወር ብሎ ይቆጥራል፤ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ ይታረማል፤ ነገም ሌላ ይዞ ይመጣል። የኔታ አይቆጡም ማለቴ አይደለም፤ ይቆጣሉ። ግን የሚታረመው ተማሪው ራሱ የፈጠረው ነገር ነው። ቤቱ ሲመታለትና ምሥጢሩ ሲሰምርለት የሚሰማው ደስታ፥ ብዙውን ተማሪ በቁራሽ እንጀራ ዓመታት ያስቀመጠው ይመስለኛል። እኛ በእንግሊዝኛ የራሳችንን ሁለት መስመር ጽፈን ለጓደኛ ያነበብንበት ቀን ስንት ነው?

ከኅዳር ወዲህ ስድስት ሆነን ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል ፈልገን እንገናኛለን። እያንዳንዱ ባለፈው ሳምንት ስለ ገጠመው ነገር አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ጽፎ ያነባል። ያነበበው ሰው እስኪቀመጥ ማንም አያርመውም፤ የሳቀ ደግሞ የሁሉንም ሻይ ይከፍላል። እኔ እስካሁን ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ። ያ ‹ቤሪ› ያለው ጓደኛችን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሐሙሶች ወረቀቱን አጥፎ በኪሱ እንደ ያዘ ተመለሰ። በአራተኛው አነበበ፤ ስለ አያቱ በቅሎ ነበር።