የመቆጣጠሪያ ትራንስፎርመር፦ ፊውዙና የመሬት መስመሩ

በአንድ ወፍጮ ቤት ያለ ሞተር እንውሰድ። ሞተሩ የሚሠራው በ380 ቮልት ሲሆን፣ የማስነሻውና የማቆሚያው ቁልፎች ግን አንድ አነስተኛ ትራንስፎርመር ከ220 ቮልት ዝቅ አድርጎ በሚሰጠው 24 ቮልት ኮንታክተሩን ያዝዛሉ እንበል። የትራንስፎርመሩ ሁለት ጥምጥሞች የሚገናኙት በመግነጢሳዊ መስክ ብቻ ስለሆነ፣ የ24 ቮልቱ ዑደት ከመሬት የተለየ ነው። ታዲያ የተለየውን መልሰን ከመሬት የምናያይዘው ለምንድን ነው?

አስቀድመን ፊውዙን እንመልከት። ትራንስፎርመሩ 100 ቮልት-አምፔር ቢሆን፣ በሙሉ ጭነት በመግቢያው 0.45፣ በመውጫው ደግሞ 4.2 አምፔር ገደማ ያልፋል። ይሁን እንጂ በሚበራበት ቅጽበት የብረቱ መግነጢስ ከልኩ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ከመደበኛው 10 እጥፍና ከዚያም በላይ የሆነ ኮረንት ለጥቂት የሰከንድ ክፋዮች ሊስብ ይችላል። ስለሆነም በመግቢያው የምናስገባው ቶሎ የማይቃጠል ዓይነት፣ ለምሳሌ ባለ 1 አምፔር ፊውዝ ነው። ነገር ግን በመግቢያው 1 አምፔር ማለት በመውጫው ከ9 አምፔር በላይ ማለት ነው። በመውጫው 7 አምፔር ቢያልፍ የመግቢያው ፊውዝ ሳይነካ ጥምጥሙ እየጋለ ይቃጠላል። ለዚህም ነው መውጫው የራሱ ባለ 4 አምፔር ፊውዝ የሚያስፈልገው።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ከመሬት በተለየ ዑደት ውስጥ አንድ የተላጠ ሽቦ የማሽኑን አካል ቢነካ ምንም ምልክት አይታይም። አደጋው ከሁለተኛው ንክኪ ጋር ይመጣል። አንዱ ሽቦ ከማቆሚያው ቁልፍ በፊት፣ ሌላው በማስነሻው ቁልፍና በኮንታክተሩ መካከል አካሉን ከነኩ፣ ኮረንቱ ቁልፎቹን ትቶ በማሽኑ ብረት በኩል ያልፋል። ሞተሩ ማንም ሳያዝዘው ይነሣል፤ ቀዩን ቁልፍ መጫንም አያቆመውም። በዚያች ቅጽበት ቀበቶውን የሚያስተካክል ሰው እጁ በመካከል ሊሆን ይችላል።

የመውጫው አንድ ጫፍ ከማሽኑ አካልና ከመሬት መስመር ጋር ቢያያዝ ግን፣ ከማቆሚያው በፊት ያለው ሽቦ አካሉን እንደነካ ኮንታክት ይፈጠራል፤ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ኮንታክተሩ ይለቃል፣ ሞተሩም ይቆማል። ይህ የሚሆነው ፊውዙና ቁልፎቹ ከመሬት ባልተያያዘው ጫፍ በኩል ሲገቡ፣ የኮንታክተሩም ጥምጥም ከመሬት ወደተያያዘው ጫፍ በቀጥታ ሲሄድ ነው። ቁልፎቹና ጥምጥሙ ቦታ ቢለዋወጡ አንድ ንክኪ ብቻውን ሞተሩን ሊያስነሣ ይችላል። የትራንስፎርመሩ ብረትና ሣጥንም ከመሬት መስመር ጋር መያያዝ አለባቸው።

በመጨረሻም፣ ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል በተለቅ ያለ ፊውዝ መተካት አይገባም፤ መስመሩን አጥፍተን የተላጠውን ሽቦ እንፈልግ።