ክራር ልሠራ ላልከው ልጄ

እጅህ ቀና ነው። ልብህ ግን ይቸኩላል፤ ገና ግንዱ ሳይፈለጥ ያለቀውን ክራር ግድግዳ ላይ ሰቅለህ ታየዋለህ። ይህችን ወረቀት ያዝና እየሠራህ ተመልከታት።

፩. መጀመሪያ ክሩን ምረጥ።
ሰው ሁሉ ከእንጨቱ ይጀምራል፤ አንተ ከክሩ ጀምር። ክር ይስባል፣ እንጨትና ቆዳ ይችላሉ። የሥራው ሁሉ ነገር ከዚህ ነው የሚወጣው። የምታስርለት የበግ አንጀት ነው፣ ናይለን ነው ወይስ ብረት? ይህን ሳታውቅ ገበቴውን ምን ያህል እንደምታሳሳ፣ ከላይ ክሩ የሚታሰርበትን ቀንበር ምን ያህል እንደምታወፍር በምን ትለካዋለህ? ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተቀለጠበት የጋፋት ጎረቤት ነህና ብረት ቢያምርህ አልፈርድብህም። ግን አስተውል። ጊታርም ድሮ የአንጀት ክር ነበር የሚታሰርለት። እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ወዲህ የብረቱ ክር ሲስፋፋ፣ ሠሪዎቹ ሆዱን ከውስጥ የሚደግፉትን እንጨቶች ማጠንከር ግድ ሆነባቸው። ስድስቱ የብረት ክሮች አንድ ላይ ሲወጠሩ እስከ 70 ኪሎ ግድም ይስባሉና። የክራርህ ሆድ ቆዳ ነው፤ ከሥሩ የሚደግፈው የለም። ስለዚህ ብረት ካልክ ከጊታር ክሮች ቀጫጭኖቹን ብቻ ውሰድ። ክር በወፈረ ቁጥር ያንኑ ድምፅ ለማውጣት የበለጠ መወጠር ይፈልጋል። ሌላ ብረት የተጠመጠመበትን ወፍራሙን ለጊታሩ ተውለት።

፪. እንጨቱን ቆላ ወረድ ብለህ ፈልግ።
ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ የጉና ብርድ ለዋንዛ አይመቸውም። ወደ ደራና ወደ ፎገራ ወረድ ስትል ግን ከገበሬው ማሳ ዳር ታገኘዋለህ። ለገበቴ ዋንዛን የሚያህል የለም፤ ቀላል ነው፣ ለመሮ ይታዘዛል፣ ደርቆም ብዙ አይጣመምም። ከባለቤቱ ግዛ። ከመንግሥት ደን እንዳትነካ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር አብሮ ከልክሎት ነበር። ግንዱን ስትፈልጥ መሐል ልቡን አውጥተህ ጣል፤ ስንጥቅ የሚነሣው ከዚያ ነው። ከልጡ ሥር ያለውን ነጩንም ላጠው፤ እሱን ነቀዝ ይወደዋል።

፫. እርጥብ ሳለ ፈልፍለው፣ ሲደርቅ ጨርሰው።
ዋንዛ እርጥብ ሳለ መሮ አይከለክልም። የገበቴውን ግድግዳ ሁለት ጣት ያህል ወፍራም አድርገህ ተወውና ጭድ ውስጥ ቅበረው፤ በጥላ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ካወጣኸው ውጪው ቀድሞ ይኮማተራል፣ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ መሐል ላይ ይሰነጠቃል። ዛሬ በዋንዛው ገበቴ ፈንታ የብረት ሳሕን ገዝተው ቆዳ የሚያለብሱ አሉ። አይሰማም አልልም፤ መሰማቱንስ ይሰማል፣ ይንጫረራል እንጂ።

፬. ቆዳው ላይ አትቸኩል።
የምትስተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገርህ። የፍየል ቆዳ ፈልግ። ብራና ፋቂዎች ፍየል የሚመርጡት በከንቱ አይደለም፤ የበግ ቆዳ ስብ ይበዛዋል፣ ንብርብሩም ይላቀቃል። ከነጋዴ ከገዛህ ጨው ያልነካው መሆኑን ጠይቅ። ጨው ከአየሩ ውሃ ይስባል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ክራርህ ያልበዋል። ንከረው፣ ጠጉሩንና ሥጋውን ፋቀው። አታልፋው ግን፤ የለፋ ቆዳ ለስልቻ እንጂ ለክራር አይሆንም።

ጊዜውንም ምረጥ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያለበስከው ቆዳ ሳይደርቅ ይሸታል። የበጋው ፀሐይ ከጠነከረ በኋላ ደግሞ ስፌቱን ሳትጨርስ በእጅህ ላይ ይደርቅብሃል። መስቀል አልፎ ጥቅምት ሲገባ አየሩ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። እርጥቡን ቆዳ ገበቴው ላይ አልብሰህ ከጀርባ በጠፍር ስትሰፋ፣ ጉልበት አለኝ ብለህ እስኪጮህ አትወጥረው። እጥፋቱ እስኪጠፋ ብቻ ሳበው። የቀረውን ራሱ ሲደርቅ ይስበዋል። አንተ ቀድመህ ከጨረስክበት ግን ወይ ስፌቱን ይበጥሳል፣ ወይ የገበቴውን አፍ ያጣምማል። ድምፅ ማውጫ ቀዳዳዎቹን በወስፌ የምትበሳው ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ነው፤ በእርጥቡ የተበሳ ቀዳዳ ሲደርቅ ይሰፋል። ቆዳ ከሞተም በኋላ የሰማዩን ጠባይ ያዳምጣል፤ በክረምት ይላላል፣ በበጋ ይጠብቃል። ከዚህ ጠባዩ ልታስጥለው አትችልም፤ እያወቅህ ሥራ።

፭. ምሰሶና ቀንበር ከቀጥ ያለ ደረቅ እንጨት ይሁን።
ሁለቱ ምሰሶዎች ቆዳውን ሰንጥቀው ገብተው ታች የገበቴው ከንፈር ላይ ይደገፋሉ፤ ክሩ በተወጠረ ቁጥር ቀንበሩን ወደ ታች ይስበዋል። ጉጥ ያለበት ምሰሶ እዚያው ጉጡ ላይ ይሰበራል። ለቀንበሩ ወይራ ካገኘህ ሌላ አትፈልግ።

፮. ከብርኩማው በፊት ተጫዋቹን ጠይቅ።
ግርፍ ነው የሚመታው ወይስ ድርደራ? በግርፍ የሚመታ ሰው በቀኝ እጁ ሁሉንም ክር ይገርፋል፤ የማይፈልጋቸውን ድምፆች በግራ ጣቶቹ ነክቶ ያፍናል። ክሮቹን በሚያርፉበት ብርኩማ ላይ አቀራርበህ ካሰርክበት አንዱን ላፍን ሲል ሁለቱን ያፍናል፤ ያኔ የሚረግመው አንተን ነው። ብርኩማውን ከጠንካራ እንጨት ቅረጸው፤ ለስላሳውን የብረት ክር እንደ መጋዝ ይበላዋል። ይህ ሁሉ ነገር ግልጽ ካልሆነልህ የአስናቀች ወርቁንና የካሣ ተሰማን ቅጂዎች ቁጭ ብለህ ስማ። ክራር ሳይሰማ ክራር የሚሠራ ሰው ሳጥን ሠሪ ነው።

፯. በአንድ ቀን አትቃኝ።
አዲስ ክራር ሲታሰር ሁሉም ነገሩ ገና ቦታ እየያዘ ነው። መጀመሪያ ዝቅ አድርገህ ወጥርና አሳድረው። በማግሥቱ ትንሽ ጨምር። አንዱን ወገን ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሂድ፤ ከዳርና ከዳር እያፈራረቅህ ና፣ አለዚያ ቀንበሩ ያጋድልብሃል። የብረት ክር ካሰርክ የጊታር መቃኛ መግጠም ነውር የለውም፤ ቀንበር ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ አንጀትን ይይዛል፣ ብረት ግን ያመልጠዋል። ሽማግሌ ሆኜ ይህን ማለቴ አይግረምህ።

ደግሞ ትዝታ አማረልኝ ብለህ አትርካ። ወደ ባቲ፣ ወደ አምባሰል፣ ወደ አንቺ ሆዬ ቀይረው። ቅኝት ሲለወጥ ገሚሱ ክር ይጠብቃል፣ ገሚሱ ይላላል፤ የሚንሸራተት መቃኛና የሚያጋድል ቀንበር የሚታወቀው ያኔ ነው። ከአራቱ በአንዱ ካልቆመ አትሽጠው።

፰. ስትሸጥ የሚሄድበትን አገር ጠይቅ።
ባሕር ዳር ከእኛ 900 ሜትር ግድም ዝቅ ትላለች፤ ሐይቅም አለባት፤ እዚህ የተቃኘ ክራር እዚያ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል። ተበላሸ ብሎ እንዳይመልስልህ አስቀድመህ ንገረው፤ ጥቂት ቀን ካሳደረው በኋላ እንደገና ይቃኘው። በክረምት ቢላላበት ምድጃ ላይ እንዳይሰቅለው፤ ከእሳቱ ራቅ አድርጎ ያሙቀው። ትርፍ ክር አብረህ ስጠው፣ ዋጋውን አትጨምርበት። ለመንገድ ክሮቹን አላልቶ፣ ብርኩማውን አንሥቶ ኪሱ ይክተት፤ ክራሩንም ፖርቶ መጋላ ላይ ሳይጭን እግሩ ሥር ይያዘው።