አሂምሳና የእንጀራ ጥያቄ፦ የጃይን ምዕመናን የሥራ ምርጫ

በሕንድ የበቀለው የጃይን ሃይማኖት የሥነ ምግባሩ መሠረት አሂምሳ፣ ማለትም ሕይወት ያለውን ሁሉ አለመጉዳት ነው። ይህ መርሕ አብዛኛውን ጊዜ ሥጋ ካለመብላት ጋር ብቻ ቢያያዝም፣ በሥራ ምርጫ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ በማዕድ ላይ ካሳደረው አያንስም።

በአስተምህሮው መሠረት ነፍስ በሰውና በእንስሳት ብቻ ሳይሆን በዕፅዋት፣ በአፈር፣ በውኃ፣ በእሳትና በአየርም አለች። በመሆኑም ያለ ጉዳት መኖር ስለማይቻል ሊቃውንቱ ጉዳትን በአራት ይከፍሉታል፦ ሆን ተብሎ የሚፈጸም፣ ከቤት ውስጥ ተግባር የሚመጣ፣ ከሥራ የሚመነጭና ራስን በመከላከል የሚደርስ። ምዕመኑ የመጀመሪያውን ፈጽሞ ይተዋል፤ ሌሎቹን በጥንቃቄ ይቀንሳል። ውኃን በጨርቅ ማጥለል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መመገብ፣ እንደ ሽንኩርትና ድንች ካሉ ከአፈር ተነቅለው ከሚወጡ ምግቦች መታቀብ የዚህ ጥንቃቄ መገለጫዎች ናቸው።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሊቅ ሄማቻንድራ፣ «ዮጋሻስትራ» በተሰኘው ሥራው ምዕመናን ሊርቋቸው የሚገቡ 15 መተዳደሪያዎችን ይዘረዝራል። ከሰል ማክሰል፣ መሬት መቆፈር፣ የዝሆን ጥርስና መርዝ መነገድ ከእነዚህ መካከል ናቸው። በጉጃራትና በራጃስታን ብዙ ጃይኖች በንግድ፣ በገንዘብ ማበደርና በከበሩ ድንጋዮች ሥራ መሰማራታቸው ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሆኖም በደቡብ ማሃራሽትራና በሰሜን ካርናታካ ጃይን ገበሬዎች መኖራቸው፣ ሃይማኖታዊ መርሕ ብቻውን የሥራ ክፍፍሉን እንደማያብራራ ያሳያል።

ከዚህ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ይነሣል። ነጋዴው የሚመገበውን እህል ሌላው ያርሰዋል፤ የሚሸጠውንም ድንጋይ ሌላው ይቆፍረዋል። ታዲያ ጉዳቱ ቀረ ወይስ ወደ ሌላ እጅ ተላለፈ? ለዚህ ጥያቄ መመዘኛው በራሱ በአስተምህሮው ውስጥ ይገኛል፤ ጉዳት በሦስት መንገድ ይፈጸማልና፦ ራስ በማድረግ፣ ሌላውን በማስደረግና የተደረገውን በመደገፍ። መነኮሳት ሦስቱንም ለመተው ቃል ይገባሉ፤ የምዕመናን ቃል ኪዳን ግን በተለምዶ ሦስተኛውን አይጨምርም።

ዛሬ አንዳንድ ጃይኖች በዘመናዊው የወተት ኢንዱስትሪ በላሞች ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በመመልከት ወተትን መተዋቸው፣ ምዕመናኑ ይህን ክፍተት ራሳቸው ማጥበብ መጀመራቸውን ያመለክታል። እንግዲህ የአሂምሳ ጥያቄ «እጄ ምን ሠራ?» በሚለው ሳይወሰን፣ «ለእኔ ሲባል የማን እጅ ምን ሠራ?» ወደሚለው ይደርሳል።