ከግድግዳው በፊት ጣሪያው፦ በአነስተኛ ገንዘብ ቤት የማደስ ፊዚክስ

ቤት ማደስ ሲባል ብዙውን ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ቀለም፣ መጋረጃና አዲስ ወንበር ነው። በፊዚክስ ዓይን ሲታይ ግን ቤት ከሁሉ አስቀድሞ በውስጥና በውጭ መካከል የቆመ ወሰን ነው፤ በዚህ ወሰን በኩል ሙቀት፣ ብርሃን፣ እርጥበትና ድምፅ ይመላለሳሉ። ገንዘብ የተረፈው ሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊያድስ ይችላል። እጅ ያጠረው ግን አንድ ጥያቄ መመለስ ይኖርበታል፤ ያለችውን ጥቂት ብር በየትኛው የቤቱ ክፍል ላይ ያውላት? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ መመለስ እንደሚቻል እናሳያለን።

ለምሳሌነት የመረጥናቸው ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ናቸው። ሦስቱም አዲስ አበባን ከደቡብ ምዕራብ፣ ከምዕራብና ከሰሜን የሚያዋስኑ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ከተሞች ናቸው። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የከበደባቸው ብዙ ሠራተኞች፣ መምህራንና ተማሪዎች በእነዚህ ከተሞች ይኖራሉ። ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ሱሉልታ ደግሞ 2700 ሜትር ገደማ ትደርሳለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ በሱሉልታ ሜዳም ውርጭ ይወርዳል። በክረምት ደግሞ ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ አጠገብ ካለ ሰው ጋር መነጋገር እንኳ ያስቸግራል። አነስተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት በአብዛኛው ግድግዳው ከእንጨትና ከጭቃ ወይም ከብሎኬት የተሠራ፣ ክዳኑም ቆርቆሮ ነው።

ቆርቆሮው የሰጠንና የወሰደብን

አያቶቻችን የኖሩበት የሣር ክዳን ቤት እሳት የሚያሰጋው፣ በየጊዜው መታደስ የሚፈልግ ቤት ነበር። ቆርቆሮ ሲመጣ ከሁለቱም ችግሮች ገላገለን። ነገር ግን ሣሩ ያለ ዋጋ ይሰጠን የነበረውን አንድ ነገር ይዞብን ሄደ፤ እርሱም በሣሩ ዘንጎች መካከል ታስሮ የቆመ አየር ነው።

የቆመ አየር ሙቀትን በጣም በዝግታ ያስተላልፋል። ጋቢ የሚያሞቀን በዚህ ምክንያት ነው። ጋቢ በራሱ ሙቀት አያመነጭም፤ በጥጡ ክሮችና በድርቦቹ መካከል የያዘው አየር የሰውነታችን ሙቀት እንዳያመልጥ ያዘገየዋል። የሣር ክዳንም ለቤቱ ጋቢው ነበር።

አንድ ነገር ሙቀት እንዳያልፍ የሚያደርገውን ትግል የሙቀት መቋቋም እንለዋለን። የአንድን ንጣፍ መቋቋም ለማግኘት ውፍረቱን በሜትር ለክተን ለሙቀት አስተላላፊነቱ እናካፍላለን። 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የሣር ክዳን በዓለም አቀፉ መለኪያ ወደ 3.0 የሚጠጋ መቋቋም አለው። የቆርቆሮ ውፍረት ግን ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ፣ ብረቱም ጥሩ አስተላላፊ በመሆኑ የራሱ መቋቋም ከዜሮ አይለይም። ያለው መቋቋም ከላይና ከታች ገጹን ተጣብቆ ከሚገኘው ስስ የአየር ሽፋን ብቻ የሚመጣ ሲሆን ድምሩ 0.14 ያህል ነው። ስለዚህ ከሣር ወደ ቆርቆሮ የተሻገረ ቤት የጣሪያው መቋቋም ሃያ እጥፍ ያህል ቀንሷል ማለት ነው።

እስኪ በቁጥር እንየው

4 ሜትር በ5 ሜትር የሆነች አንዲት ክፍል እንውሰድ። የጣሪያውን ተዳፋት ለጊዜው ብንተወው የጣሪያዋ ስፋት 20 ሜትር ካሬ ነው። ግድግዳዋ 2.5 ሜትር ከፍታ ካለው፣ በርና መስኮቱ ሲቀነስ 41 ሜትር ካሬ ያህል ይቀራል። የጭቃ ግድግዳው 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው መቋቋሙ 0.46 ገደማ ይሆናል። ሌሊት ከውጭው ይልቅ ውስጡ በ10 ዲግሪ ሴልሽየስ እንዲሞቅ ፈለግን እንበል። ቀመሩ ቀላል ነው፤

የሙቀት ፍሰት = ስፋት × የሙቀት መጠን ልዩነት ÷ የሙቀት መቋቋም

በጣሪያው በኩል የሚያመልጠው 20 × 10 ÷ 0.14፣ ማለትም 1430 ዋት ያህል ነው። በግድግዳው በኩል የሚያመልጠው 41 × 10 ÷ 0.46፣ ማለትም 890 ዋት ያህል ነው። ጣሪያው በስፋቱ ከግድግዳው ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ከግድግዳው ይበልጥ ሙቀት ያስመልጣል።

አሁን ሁለት የእድሳት አማራጮችን እናወዳድር። የመጀመሪያው፣ ግድግዳውን በሙሉ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጀሶ ማስዋብ ነው። የግድግዳው መቋቋም ከ0.46 ወደ 0.485 ያድጋል፤ የሚያመልጠውም ሙቀት ወደ 845 ዋት ይወርዳል። ትርፉ 45 ዋት ነው። ሁለተኛው፣ ከቆርቆሮው ሥር የአቡጀዲ ኮርኒስ መወጠር ነው። ጨርቁ ራሱ ስስ ቢሆንም ከበላዩ የአየር ክፍተት ስለሚዘጋ የጣሪያው መቋቋም ወደ 0.30 ያድጋል፤ የሚያመልጠው ሙቀትም ከ1430 ወደ 670 ዋት ገደማ ዝቅ ይላል። ትርፉ 760 ዋት፣ ማለትም የጀሶው አሥራ ሰባት እጥፍ ያህል ነው፤ ያውም የሚሸፈነው ስፋት ግማሽ እንኳ ሳይሆን። በኮርኒሱ ላይ በድርብርብ የተነጠፈ 2 ሴንቲ ሜትር ካርቶን ቢጨመር በጣሪያው የሚያመልጠው ወደ 320 ዋት ይወርዳል።

ይህ ስሌት ወለሉን፣ በሩንና በስንጥቅ የሚገባውን ነፋስ አላካተተም። ቢሆንም ቅደም ተከተሉን በግልጽ ያሳያል። አንድ ያረፈ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል። አራት ሰዎች ያደሩባት ይህች ክፍል በባዶ ቆርቆሮ ሥር ከውጭው በ1.7 ዲግሪ ብቻ ትሞቃለች፤ ኮርኒስና ካርቶን ሲደረግላት ግን በ3.3 ዲግሪ። አንዲት እንጨት ሳትነድ የሙቀት ልዩነቱ እጥፍ ያህል ሆነ ማለት ነው።

ከደረቅ ሰማይ የሚወርደው ጠብታ

በበጋ ሌሊት ዝናብ ሳይኖር ከቆርቆሮው ላይ ውኃ ሲንጠባጠብ ጣሪያው ቀዳዳ አለው ብለው ጥገና የሚጀምሩ አሉ። በጠራ ሰማይ ሥር ቆርቆሮው ሙቀቱን በጨረር መልክ ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአካባቢው አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ከትንፋሻችንና ከድስታችን የወጣው እንፋሎት ይህን ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ወደ ውኃነት ይለወጣል። በ18 ዲግሪ የሚገኝ አየር እርጥበቱ 70 በመቶ ከሆነ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውስጥ 10.8 ግራም ያህል እንፋሎት ይይዛል። በ8 ዲግሪ ግን ከ8.3 ግራም በላይ መያዝ አይችልም፤ የተረፈው 2.5 ግራም በብረቱ ላይ ይቀራል። መፍትሔው እንግዲህ ሚስማር ሳይሆን ኮርኒስና የአየር መውጫ ነው። መውጫ ከሌለ እንፋሎቱ በኮርኒሱ በላይ ተጠራቅሞ እንጨቱን ያሻግታል።

የጭቃ ግድግዳ ውለታ

ብዙ ሰው በጭቃ ግድግዳው ያፍራል፤ የመጀመሪያውንም ብር እርሱን ለመሸፈን ያወጣል። ፊዚክስ ግን ለዚህ ግድግዳ ይመሰክርለታል። ጭቃ ከባድ በመሆኑ ብዙ ሙቀት ያጠራቅማል። 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ግድግዳ ውስጥ የቀኑ የሙቀት ሞገድ ከውጭ ወደ ውስጥ ለመድረስ ወደ 7 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። እኩለ ቀን ላይ ውጩን የመታው ሙቀት ውስጡን የሚነካው ምሽት፣ ቅዝቃዜው ሲጀምር ነው።

ይሁን እንጂ ጭቃ አንድ ጠላት አለው፤ ውኃ። ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ዝናብ መሬት መትቶ ሲረጭ የግድግዳውን እግር ይበላዋል። ስለዚህ የጣሪያውን ጠርዝ ማስረዘም፣ የውኃ መውረጃ ቦይ መቆፈርና የግድግዳውን እግር በድንጋይ መደገፍ ከማንኛውም ቀለም ይቀድማል። የተሰነጠቀውንም በጭድ በተቦካ ጭቃ መልሶ መምረግ ይሻላል። በጭቃ ላይ የሚለሰን ሲሚንቶ ብዙ ጊዜ ተላቆ ይወድቃል፤ ምክንያቱም ጭቃው እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲሚንቶው ግን ግትር ነው፤ እርጥበቱንም አፍኖ ይይዛል።

ኖራና ብርሃን

ግድግዳው ከደረቀና ከተስተካከለ በኋላ በትንሽ ገንዘብ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው ኖራ ነው። የተበጠበጠ ኖራ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም በሃ ድንጋይ ወደተሠራበት ቁስ ይለወጣል። ግድግዳው እንዲተነፍስም ይፈቅዳል። ሲበጠበጥ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ግን ጥንቃቄ ያሻዋል። እርጥብ ኖራ የቆርቆሮውን የዚንክ ልባስ ስለሚጎዳ ጣሪያ ላይ መቀባት የለበትም።

ነጭ ግድግዳ ክፍሉን የሚያደምቀው ለምንድን ነው? ከአምፖሉ የወጣው ብርሃን ግድግዳውን መትቶ ይመለሳል፣ እንደገና ይመታል፣ እንደገና ይመለሳል። የክፍሉ ገጾች በአማካይ 60 በመቶ የሚያንጸባርቁ ከሆነ ጠቅላላው ብርሃን 1 + 0.6 + 0.36 + ... እያለ ይሄዳል። ይህ በሒሳብ ትምህርት የምናውቀው ጂኦሜትሪያዊ ተከታታይ ነው፤ ድምሩም 1 ÷ (1 − 0.6) = 2.5 ነው። ጢስ የጠገበ ግድግዳ በአማካይ 30 በመቶ ብቻ ቢያንጸባርቅ ድምሩ 1.43 ይሆናል። በዚያው አምፖል፣ በዚያው የመብራት ሒሳብ፣ ብርሃኑ 1.75 እጥፍ ጨመረ ማለት ነው። ማታ ለሚያጠና ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሕይወት የሚጠይቀው ስሕተት

እስካሁን ያልነው ሁሉ ቤቱን ወደ መድፈን ይመራል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ቀድሞ በየስንጥቁ ነፋስ ይገባበት የነበረ ቤት ሲደፈን፣ ውስጡ የሚቀመጥ የከሰል ምድጃ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ብርታት ይጣበቃል። «ከሰሉ ከቀላ፣ ጢሱም ካለቀ ችግር የለውም» የሚለው አባባል ፍጹም ስሕተት ነው፤ ዓይን የሚያየው ጢስ ቢያልቅም ጋዙ አያልቅም። ስለዚህ በሚተኙበት ክፍል ከሰል አያስገቡ። በግድግዳው ከፍ ብሎ አንድ፣ ዝቅ ብሎ አንድ የአየር መተላለፊያ ይተዉ።

ሁለተኛው አደጋ እሳት ነው። አቡጀዲም ካርቶንም ይነዳሉ፤ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ኮርኒስ ደግሞ ሲነድ እየቀለጠ ሰው ላይ ይንጠባጠባል። የኤሌክትሪክ ገመድ ተልጦና ተቀጣጥሎ በኮርኒስ ላይ እንዳያልፍ፣ አምፖልም ጨርቁን እንዳይነካ ማድረግ፣ ሻማንና ኩራዝን ማራቅ ግድ ነው። ምግብ በሚበስልበት ክፍል የጨርቅም ሆነ የካርቶን ኮርኒስ አይደረግ።

የሥራው ቅደም ተከተል

የተባለውን ስናጠቃልል ብሩ በሚከተለው ተራ ቢወጣ ይመከራል። አንደኛ፣ ውኃን መከላከል፤ የሚያፈስ ቆርቆሮ፣ የጣሪያ ጠርዝ፣ ቦይ። ሁለተኛ፣ ኮርኒስ ከአየር መውጫ ጋር። ሦስተኛ፣ የግድግዳ ምርግና ኖራ። አራተኛ፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍና ጌጥ። ተከራይ የሆነ ሰው ኮርኒሱን በገመድና በቀለበት ቢወጥረው ሲለቅ ነቅሎ ይዞት መሄድ ይችላል፤ በሌላ ሰው ግድግዳ ላይ የፈሰሰ ጀሶ ግን አብሮ አይጓዝም።

መለማመጃ

1. የምትኖሩበትን ክፍል ጣሪያና ግድግዳ ለክታችሁ ከላይ የሠራነውን ስሌት ድገሙት። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ መቋቋሙን 0.40 አድርጋችሁ ውሰዱ።

2. እኩል መጠን ያላቸው ሦስት ጣሳዎች ውስጥ እኩል ሙቅ ውኃ ቅዱ። አንዱን ባዶውን ተዉት፤ ሁለተኛውን በአንድ ድርብ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ሦስተኛውን በጭድ በተሞላ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት። የሦስቱንም አፍ ክደኑ። በየ5 ደቂቃው ሙቀታቸውን በቴርሞሜትር ለክታችሁ በግራፍ ላይ አስፍሩ። ከሦስቱ ባዶ ቆርቆሮን የሚመስለው የትኛው ነው? የሣር ክዳንንስ?

3. በቤታችሁ ለእድሳት የተያዘ ገንዘብ ካለ፣ ግራፋችሁንና ስሌታችሁን ለወላጆቻችሁ አሳዩ፤ የመጀመሪያው ብር በየት በኩል ቢወጣ እንደሚሻልም አብራችሁ ተወያዩ።