22 ደቂቃ ምን ይሠራል?

«ይኸው እለፋለሁ፤ ለውጡ የታለ?» ትላለህ? እንግዲያው ና፣ አንድ ሥራ ላሳይህ።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ነን። ዚንክ ናይትሬት የሟሟበት ውሃ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሞቋል። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ መስታወት ይነከርበትና ከኤሌክትሪክ ምንጩ ኔጌቲቭ ጫፍ ጋር ይያያዛል። ኮረንቱ ናይትሬቱን ሲለውጠው መስታወቱ ገጽ ላይ ሃይድሮክሳይድ ይፈጠራል። ዚንኩ ከእሱ ጋር ይዋሃድና ዚንክ ኦክሳይድ ሆኖ ይለጠፋል። ብርሃን የሚያሳልፍ ሴሚኮንዳክተር ተሠራ! ያለ ቫክዩም፣ ያለ እቶን። ጃፓናውያኑ ማሳኖቡ ኢዛኪና ታካሺ ኦሚ ይህን ውጤት በ1996 እ.ኤ.አ. አሳተሙ።

ስንት ሰዓት ይፈጃል? ለአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 1 ሚሊአምፒር ብቻ ስጠው። ኮረንቱ ካልባከነ በ22 ደቂቃ ገደማ የ1 ማይክሮሜትር ሽፋን ታገኛለህ። የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ!

በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ዓይንህ ምንም አያይም። ታዲያ ሥራው ቆሟል? በፍጹም! የሚለጠፈው መጠን የሚያድገው ባለፈው ኤሌክትሪክ ልክ ነው። ሕጉ የማይክል ፋራዴይ ነው።

ፋራዴይ ማን ነበር? የቀጥቃጭ ልጅ። ብዙም ትምህርት ቤት አልገባም። በ14 ዓመቱ ለንደን ውስጥ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ሊማር ገባ። የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት አነበበ! የሳይንቲስቱን የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርት ሄዶ ሰማ፤ ማስታወሻ ያዘ፤ ጠርዞም ላከለት። በ1813 እ.ኤ.አ. የሳይንስ ተቋሙ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ቀጠረው። ያን ሕግ በ1830ዎቹ አወጣ። መጽሐፉን ለመክፈት ራሱ ወሰነ።

አንተስ መቼ ትወስናለህ?

ስትወስን ግን አትቸኩል። «ላፍጥነው» ብለህ ኮረንቱን ያለ ልክ ብትጨምር ሃይድሮጅን ይንተከተካል፤ ሽፋኑ ይሻክራል፤ ይረግፋል። አንድ ሌሊት ሙሉ አንብበህ ሳምንት የምትተወው ጥናትም መጨረሻው ያው ነው። የምትችለውን መጠን ያዝ። ሳታቋርጥ ሂድ።

ከሁሉ በፊት ደግሞ መስታወቱን አጽዳ! በአሴቶን፣ በኢታኖል፣ በተጣራ ውሃ። ለእኔ ከሥራው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ቅባት ያለበት መስታወት ላይ ሽፋን አጥብቆ አይዝም። የአንተ ቅባት ምንድን ነው? ስልክህ? ቲክቶክ? «ነገ እጀምራለሁ» የሚለው ልማድ? ዛሬውኑ አንሳው።

ከዚያ 22 ደቂቃ ቁጭ በል። ነገም በዚያው ሰዓት ተቀመጥ።